የውስጡ መቀነት

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ሐኪሞቻችንም ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ ክብደት ለመቀነስ ከሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ ስላለው ሕይወት እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ አመጋገቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሰው አፍ ባለፈው ዓመት እዚሁ ተቀምጠን ብዙ አውርተናል። ዛሬ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ለሆዳችን። ስለ ጨጓራው አይደለም የማወራው። ከጨጓራው ውጪ ስላለው፣ መሣሪያው በስቶት ስለገባው ጡንቻ ነው።

ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን የተሰጠኝ ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ። የአመጋገብ መመሪያው 9 ገጽ ነው። ፈሳሹ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ለስላሳው ምግብ መቼ እንደሚጀመር፣ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንደሚያስፈልገኝ፣ ሁሉም ተጽፏል። ጎበዝ። ስለ እንቅስቃሴስ? ሁለት መስመር። «በየቀኑ በእግር ይሂዱ። ከ6 ሳምንት በኋላ ስፖርት መጀመር ይችላሉ።» በቃ።

እኔም አመንኩ። በየቀኑ ተራመድኩ። 6ኛው ሳምንት ባለቀ ማግስት ጂም ገባሁ። ኪሎዬ እየወረደ ነበር፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አሰልጣኙ ቅን ልጅ ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው ነገርኩት። «ችግር የለም፣ ኮርሽን፣ የሆድና የወገብሽን ጡንቻ፣ እናጠነክረዋለን» አለኝ። ምንጣፍ ላይ አስተኛኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን ያዘልኝ፣ ሲት አፕ ጀመርን። አምስተኛው ላይ ትንፋሼን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ስነሳ፣ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ ትልቁ ጠባሳ ያለበት ቦታ ጨምደድ አደረገኝ። ጎንበስ ብዬ ሆዴን አየሁት። መሀል ለመሀል እንደ ድንኳን ጫፍ ሹል ብሏል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። «ሄርኒያ ወጣብኝ፣ አንጀቴ በሆዴ ጡንቻ መሀል ሾልኮ ወጣ፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ» እያልኩ አነጋሁ። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ተመስገን ነው፣ ሄርኒያ አልነበረም። ጡንቻው ነው የተሳበው። ሐኪሙ ግን ተቆጣኝ። «ሲት አፕ ሥሪ ያለሽ ማን ነው?» አለኝ።

እኔም መልሼ ጠየቅኩት። አትሥሪ ያለኝስ ማን ነው?

መልስ አልነበረውም። ወደ ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ ወደምታክም ባለሙያ፣ ላከኝ። ሴትየዋ ክብደት አላስነሳችኝም። በጀርባዬ አስተኝታ ጉልበቴን አሳጠፈችኝ፣ መዳፌን ሆዴ ላይ አደረገችና «እስቲ ተንፍሺ» አለችኝ። ተነፈስኩ። ደረቴ ከፍ ዝቅ አለ፣ ሆዴ ንቅንቅ አላለም። ለካ ከቀዶ ጥገናው ቀን ጀምሮ ሕመሙን ፈርቼ ሆዴን ጨብጬ ኖሬያለሁ! «በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ሆድሽ እጅሽን ያንሳው። ከዚያ ትኩስ ነገር እንደምታቀዘቅዢ ሆነሽ በአፍሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ» አለች። የሌላውን እጄን ጣቶች ከዳሌ አጥንቴ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠቻቸው። ትንፋሼን ሳስወጣ፣ ጣቶቼ ሥር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ጠበቅ አለ። «ይሄ የውስጥ መቀነትሽ ነው» አለችኝ።

እውነትም መቀነት ነው። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው፣ ከጀርባ ወደ ፊት ዙሪያውን ይጠመጠማል። ከላይ ዲያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻ፣ ከኋላ አከርካሪን የሚይዙት ትናንሾቹ ጡንቻዎች አሉ። አብረው ሲሠሩ ወገብ ይቆማል። ሲት አፕ በዋናነት የሚያሠራው ላይ ላዩን ያለውን የሆድ ጡንቻ ነው። የውስጡ ደክሞ እያለ ላዩን ስንጎትት፣ ትንፋሽም ስናፍን፣ ግፊቱ ወደ ደካማው ቦታ ይሄዳል። ደካማው ቦታ ደግሞ ገና የሚድነው ቁስል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ሁለት ሳምንት ያንን ትንፋሽ ብቻ ሠራሁ። ከዚያ ተኝቼ ተረከዜን አንድ በአንድ መሬት ላይ ማንሸራተት። ከዚያ ዳሌን ማንሳት። ከዚያ ቆሜ ግድግዳ ተደግፌ ፕላንክ፣ ሰውነቴን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጎ መያዝ። መሬት ላይ ፕላንክ የያዝኩት ከወራት በኋላ ነው። ሕጓ አንድ ነበረች፤ ሆድሽ ሹል ካለ ወይ ትንፋሽሽን ከያዝሽ፣ አንድ ደረጃ ተመለሺ።

አሁን ወደ ሐኪሞቻችን ልዙር። ሕይወታችንን መልሳችሁልናል፣ ውለታችሁን አንረሳም። ግን በዕረፍትና በስፖርት መሀል ያለውን መንገድ ባዶ ትታችሁብናል! 6 ሳምንት ሞላ ማለት ቁስሉ ዘጋ ማለት እንጂ ጡንቻው ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ክብደቱ በፍጥነት ሲወርድ ጡንቻም ከስቡ ጋር አብሮ ይቀልጣል፣ ይህን እናንተው ታውቃላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ኮሪደሩ ላይ ይዛችሁኝ «ቀጠንኩ፣ ወገቤ ግን አልተሻለውም» ያላችሁኝ ስንት ናችሁ? ለሚበላው 9 ገጽ ከተጻፈ፣ ለሚሸከመን ጡንቻ አንድ ገጽ ይበዛበታል? አንድ ገጽ ብቻ!

የቀረውን ቶሎ ልበል። ከአልጋ ስትነሱ በጎን ተንከባለሉና በእጃችሁ ተገፍታችሁ ተነሱ። ሳል ሲመጣ ትራስ ሆዳችሁ ላይ እቀፉ። ከባድ ነገር እንዳታነሱ ከተባላችሁ ልጅም ከባድ ነገር ነው፤ እናንተ ተቀመጡ፣ ልጁ ራሱ ጭናችሁ ላይ ይውጣ። ውሃ እንደ ድሮው መጋት ስለማይቻል ከእንቅስቃሴው በፊትም በኋላም በትንሽ በትንሹ ጠጡ። ማዞር ከመጣ አቁሙ። የተንጠለጠለ ቆዳ በዚህ አይጠፋም፣ ይጠፋል የሚላችሁን አትስሙ። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ካለ፣ አንድ ባት ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ግን ስለ ስፖርት አታስቡ፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ።

ከዕረፍት በኋላ ጎን ባለው ክፍል ምንጣፍ ተነጥፏል። ሐኪም ገና ያልፈቀደላችሁ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ትንፋሹ ወንበር ላይም ይሠራል። ትራስ ይዤ መጥቻለሁ። አመሰግናለሁ።