ሁለት ጎል ስንፈልግ የነበረን ድምፅ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የክለብ ደጋፊ ማኅበራት ተወካዮች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ንግግሬን አላረዝምም። አጀንዳው ብዙ ነው፤ የሒሳብ ሪፖርቱም እንደ ወትሮው ክርክር አያጣም። የዓመቱን የሥራ ክንውን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ፤ ስለ ደርሶ መልስ ማጣሪያ ቀን ድጋፍ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የሚያስታውስ እጁን ያውጣ ብል፣ አዳራሹ በእጅ ይሞላል። እሑድ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው መጥተዋል። ከአፍሪካ ዋንጫ ከራቅን ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ካሸነፍን ግን ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች እናልፋለን። ይህን ስሌት ያን ሰሞን የማያውቅ የታክሲ ረዳት አልነበረም። ኳስ አይቼ አላውቅም የሚሉ እናቶች እንኳ "ሁለት ለዜሮ ይበቃናል አይደል?" ይሉ ነበር።

ሰው በስታዲየሙ ዙሪያ መሰለፍ የጀመረው ገና በሌሊት ነው። ጋቢ የደረበ አለ፣ ፊቱን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ አለ። ባንዲራ አዟሪዎች ሥራ በዛባቸው። ሚኒባሶች ባንዲራ አንግተው ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ቲኬት ያጣው ወደ ካፌና ግሮሰሪ ገባ፤ እዚያ የሞላበት በር ላይ ቆሞ በሰው ትከሻ አሻግሮ ማየት ነበረበት።

ውስጥ ደግሞ የተመልካች መቀመጫዎቹ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ሁሉም ጢም ብለዋል። በአዘቦቱ "ጊዮርጊስ! ቡና!" እየተባባለ የሚነታረከው ሰው ያን ቀን ተቃቅፎ ይዘላል። (በሳምንቱ መነታረኩን ቀጥሏል፤ እሱም ደግ ነው።)

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ጋ ደረስኩ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ሁለተኛውም ሲጀመር ጎል የለም። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄደ። ሰዓቱ እየነጎደ ነው፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጎል ያስፈልጋል። በእኔ እምነት የዚያ ደጋፊ ትልቁ ሥራ ያቺ አንድ ሰዓት ናት። አላጉረመረመም። ኳስ ያበላሸውን ልጅ በስሙ እየጠራ አልሰደበም። ዘፈኑን አላቋረጠም። ከዚያ አዳነ ግርማ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰኢድ ደገመው። ማታ ከተማው በሆታ ሲቀልጥ አደረ፤ እኔን ግን ስለ ሆታው ብዙ አትጠይቁኝ። ከጎል በኋላማ ማንም ይጮኻል።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ሁለቱንም መልካችንን አየን። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ከጆሃንስበርግና ከሌሎች ከተሞች የተሰበሰቡት ወገኖቻችን ስታዲየሙን አዲስ አበባ አስመሰሉት። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ሲወጣ ግን ቩቩዜላውም ሌላውም ዕቃ ወደ ሜዳ ተወረወረ። ጨዋታው ቆመ። ልጆቹ በአሥር ሰው ተጫውተው አዳነ ባገባው ጎል 1 ለ 1 ወጡ። ዕቃ መወርወር ማንን እንደሚጠቅም ግን አንድም ሰው አስረድቶኝ አያውቅም። ተጋጣሚ ትንፋሽ ይሰበስባል፤ ቅጣቱ ለፌዴሬሽኑ ይመጣል።

በቀጣዩ ዓመት ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ ደረስን። ከአፍሪካ መጨረሻ ላይ ከቀሩት አሥር ቡድኖች አንዱ እኛ ነበርን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር እዚሁ ተጫወትን። በኃይሉ አሰፋ አስቀደመን፤ ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት አገባ፤ ሁለተኛው በማብቂያው ላይ በፍጹም ቅጣት ምት። ካላባር ላይም 2 ለ 0 ተሸነፍን። ስለዚህ ጨዋታ በየዓመቱ ስለምንጨቃጨቅ ዛሬ አልመለስበትም።

አሁን ችግራችን ሌላ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችን ደረጃቸውን አላሟሉም ብሎ ባለፉት ዓመታት ዋልያዎቹ "የሜዳቸውን" ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርጉ ኖረዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ባለሜዳዎቹ እኛ ነን፣ ሜዳው ግን የሰው ነው። ያን ድል ካታንጋ ላይ ሆኖ ያየ አንድም ሰው የለም። ታዳጊዎቻችን የአውሮፓ ክለቦችን አሰላለፍ በቃላቸው ይወጡታል፤ ብሔራዊ ቡድናቸውን ግን በስልክ ስክሪን ብቻ ነው የሚያውቁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ጎል መዝፈንን ከማን ይማሩ? ይህ ልማድ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚተላለፈው ወንበር ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ ነው።

ስለዚህ የስታዲየሙን ጉዳይ በየመድረኩ ከመጠየቅ አንቦዝን። እስከዚያው ግን ቡድናችን በሚጫወትበት አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ስታዲየማችን እነሱ ናቸው። ዕጣው ሲወጣ እንደውልላቸው፤ ማን እንደሚያስተባብር፣ ከበሮ ከየት እንደሚገኝ፣ ቲኬት እንዴት እንደሚገዛ ቀድመን እንነጋገር። ልምድ ያላቸው አስጨፋሪዎቻችንም ዘፈኖቹን ቀድተው ይላኩላቸው። የጊዮርጊስና የቡና ወንድሞቻችን በዚህ ከእኛ ይሻላሉ፤ ከእነሱ መማር አያሳፍርም።

ገንዘብ ያዣችን ለከበሮ የሚሆን በጀት የለም ብለውኛል። አለ ብዬ አልከራከርም፤ የምሳ ግብዣው መስመር ላይ ግን ትንሽ ትርፍ አይቻለሁ። ይህ ከሻይ ዕረፍት በፊት ይወሰንልኝ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊ፣ ሪፖርትዎን ያቅርቡ።