ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አሁን አሁን አንድ ኦርጋኒክ ኬሚስት መድረክ ላይ ሲጠራ ከስሙ ቀጥሎ የሚነበበው ቁጥር ነው። ስንት ጽሑፍ አሳተመ? ስንት ጊዜ በሌሎች ጽሑፎች ተጠቀሰለት? ኤች-ኢንዴክሱስ? ይህቺን ኤች-ኢንዴክስ በ2005 ያመጣት ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሰው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ስሌቷ ቀላል ናት። ካሳተምካቸው ውስጥ 30ዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 30 ጊዜ ከተጠቀሱ፣ 30 አለህ ማለት ነው። ታዲያ በዕድሜው አንድ ጽሑፍ ብቻ አውጥቶ እሱም አሥር ሺህ ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ስንት ያገኛል? አንድ!

ቁጥር ጠልቼ አይደለም። ግን ምኑን እንደሚቆጥር እንወቅ እንጂ።

ላብ ውስጥ የቆማችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሪአክሽኑ አልቆ ፍላስኩ ላይ የቀረው ቡናማ ዝፍት የመሰለ ነገር ነው፤ የምትፈልጉት ውሁድ እዚያው ውስጥ ከሌላ ሦስት አራት ጣጣ ጋር ተደባልቋል። ለመለየት ኮለም የሚባለውን ቱቦ በሲሊካ ጄል ዱቄት ትሞሉና ድብልቁን በሶልቨንት፣ ማለትም በማሟሚያ ፈሳሽ፣ ታሳልፉበታላችሁ። ድሮ ሶልቨንቱ በራሱ ክብደት ጠብ፣ ጠብ እያለ እስኪወርድ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር፣ ቀኑም በዚያው ያልቃል። በ1978 ክላርክ ስቲል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሦስት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ አወጣ። ደቀቅ ያለ ሲሊካ ጄል ተጠቀሙ፣ ከላይ በአየር ግፊት ግፉት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃችኋል ነው ነገሩ። በቃ። ይህቺ ሦስት ገጽ ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በብዛት ከተጠቀሱት ጽሑፎች መካከል ናት።

በ1997 የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ዋናው ነገሩ ሠንጠረዥ ነው፤ የተለመዱ ሶልቨንቶች ኤንኤምአር ላይ፣ ማለትም ሞለኪውል በምን እንደተሠራ በሚያሳየው መለኪያ ላይ፣ የት የት እንደሚታዩ ይዘረዝራል። በክሎሮፎርም የሠራችሁት ስፔክትረም (የመለኪያው ሥዕል) 2.17 ላይ ያልጠበቃችሁት ፒክ፣ ማለትም ሹል ምልክት፣ ሲያወጣ ልባችሁ ድንግጥ ይላል፣ አዲስ ነገር ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ሠንጠረዡን ስታዩት አሴቶን ነው፣ ያውም ብልቃጡን ያጠባችሁበት! ይህም በሺዎች ተጠቅሷል፣ ይገባዋልም።

የፈረንሳዊው ኬሚስት የግሪኛር ነገር ደግሞ ግልባጩ ነው። የማግኒዥየም ሪኤጀንቱን (ሪአክሽን ለማካሄድ የሚጨመረውን ውህድ) ይፋ ያደረገው በ1900 ነው፣ በ1912 ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ ተማሪ ሳይቀር ይሠራበታል፣ የ1900ውን ጽሑፍ ግን ማን ይጠቅሰዋል? ስሙ ራሱ የዕቃው መጠሪያ ሆኗላ።

ሌላም አለ። «ይህን ዘዴ ሞከርነው፣ አልሠራልንም» ብሎ የጠቀሰህም ያው አንድ ተብሎ ይቆጠርልሃል።

ይሄ በእኔም ደርሷል። አንድ የማላውቀው ተመራማሪ ያሳተምኩትን ሪአክሽን ደጋግሞ ሞክሮ እንዳልሆነለት ጻፈልኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ «እጁ ነው» አልኩ። ኋላ የላብ ደብተሬን ብገልጥ ሶልቨንቱን ሁለት ጊዜ አድርቄዋለሁ፤ ጽሑፉ ላይ ግን «ደረቅ ሶልቨንት» ብዬ አልፌዋለሁ። ነገርኩት፣ ሠራለት። ሲያሳትም ጠቀሰኝ፣ ማድረቂያውን ደረጃ በደረጃ ጽፎ።

ያቺ ጥቅስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆና ተደምራለች። ከዚያ ወዲህ ያንን ሪአክሽን ሊሠሩ ለሚጠይቁኝ የምልክላቸው የእሱን ጽሑፍ ነው።