በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የሚሊሻው ድርሻ

ክቡራትና ክቡራን፣

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ማለዳ በማሳቹሴትስ ሌክሲንግተን አደባባይ የተሰለፉት 77 ያህል ሰዎች ነፍጥ ያነሡ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ስምንቱ እዚያው ወደቁ። ቀኑ ሳይመሽ ግን ከኮንኮርድ ወደ ቦስተን ይመለስ የነበረው የእንግሊዝ ጦር፣ ከየመንደሩ የተጠራራው ሚሊሻ በድንጋይ ካብና በዛፍ ተከልሎ እየተኮሰበት፣ በሞት፣ በመቁሰልና በመጥፋት 273 ሰው ጎደለበት።

ከካብ ጀርባ የሚተኩስ ሁሉ በሜዳ ላይ ይቆማል ማለት ግን አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1776 ለኮንግረስ ሲጽፍ፣ በሚሊሻ መመካት የተሰበረ ምርኩዝ እንደ መደገፍ ነው ብሏል። በ1780 በሳውዝ ካሮላይና ካምደን ላይ የቨርጂኒያና የኖርዝ ካሮላይና ሚሊሻዎች ሳንጃ ወድሮ የመጣውን የእንግሊዝ ጦር ሲያዩ አብዛኞቹ ሳይተኩሱ ሸሹ። ፈሪ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ለአጭር ጊዜ የተጠራና ልቡ ማሳው ላይ የቀረ ሰው መሆኑን የዘነጋው አዛዡ ነው ባይ ነኝ።

ጄኔራል ዳንኤል ሞርጋን ይህን አልዘነጋም። በጃንዋሪ 1781 በካውፐንስ ውጊያ ዋዜማ፣ ሚሊሻዎቹ ከከበቡት እሳት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሲያጫውታቸው አመሸ፤ የጠየቃቸውም ጥቂት እሩምታ ተኩሰው ወደ ኋላ እንዲሉ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሲያፈገፍጉ ያየው የእንግሊዙ አዛዥ የታርልተን ጦር ያሸነፈ መስሎት ሰልፉን አፍርሶ ሲገሰግስ፣ ኋላ ይጠብቅ የነበረው መደበኛ ጦር ተቀበለው፤ ከ500 በላይ ሰውም ተማረከበት።

ይሁንና የሚሊሻው ትልቁ ሥራ በውጊያና በውጊያ መካከል የተሠራው ነው። የንጉሡ ጦር አንድን ወረዳ ይዞ ሲሄድ ሚሊሻው ተመልሶ ይገባል፤ ለእንግሊዝ እህልና ፈረስ የሸጠውን ያውቀዋል፣ ጎረቤቱ ነውና። በ1777 መጀመሪያ በብርዱ ወራት በኒው ጀርሲ ለፈረሶቹ ድርቆሽ ፍለጋ የወጣ የእንግሊዝ ጭፍራ ያለ ብዙ አጃቢ መንቀሳቀስ አልቻለም።

ይህ ጉልበት ሌላ ፊትም ነበረው። በደቡብ፣ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች እንዳያመልጡና እንዳያምፁ ይጠብቅ የነበረው ይኸው ሚሊሻ ነው። በኦክቶበር 1780 በኪንግስ ማውንቴን ከተፋለሙት መካከል፣ ከንጉሡ ወገን አዛዥ ከፓትሪክ ፈርጉሰን በቀር፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የዚያው አገር ሰዎች ነበሩ፤ ድል ያደረጉት የነጻነት ወገን ሚሊሻዎችም በሳምንቱ ዘጠኝ ምርኮኞችን በስቅላት ገደሉ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።