ከነጎድጓድ በኋላ የሚቀረው ጋዝ

ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌ ነው። 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን እንጦጦ ላይ ደመናው ይከመራል፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ፌስታልና አቧራ እያነሳ ወደ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ቁልቁል ይወርዳል። ሰው በረንዳ ሥር ይጠጋል። የታክሲው ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ ከሆነ፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ይንጫጫል። ከዚያ ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። ሁላችንም የምንጨነቀው መብረቁ የት ወደቀ ብለን ነው። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው መብረቁ ባለፈበት አየር ውስጥ ምን እንደሚቀር ነው። ከድምፁም ከብርሃኑም ይልቅ ብዙ የሚቆየው እሱ ነውና።

የመብረቁ መስመር ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ውስጡ ግን ወደ 30,000 ዲግሪ ይግላል፤ የፀሐይ ገጽ 5,500 ገደማ ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሁለቱ አቶሞች በሦስት እጥፍ ትስስር የተያያዙ ስለሆኑ በተለመደው ሙቀት ማንም አይለያቸውም። በመብረቁ መስመር ውስጥ ግን ኦክስጅኑ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ነጠላው የኦክስጅን አቶም ናይትሮጅኑን ሰብሮ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ተገንጥሎ የቀረው የናይትሮጅን አቶም ደግሞ ሌላ ኦክስጅን ያገኝና ያንኑ ጋዝ ይሠራል።

እዚህ ላይ ፍጥነቱን ልብ በሉልኝ። ያ የጋለ አየር ቀስ እያለ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ጋዙ ተመልሶ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይሆን ነበር። ቀጥቃጭ የጋለ ቢላዋ ውሃ ውስጥ ሲነክር አይታችኋል? ብረቱ ቀስ ብሎ ቢበርድ ይለሰልሳል፤ በድንገት ሲበርድ ግን ውስጡ ወደ ነበረበት መመለሻ ጊዜ ስለማያገኝ ጠንክሮ ይቀራል። መብረቁም እንደዚያው ነው። አየሩ በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ስለሚበርድ ናይትሪክ ኦክሳይዱ መመለሻ ጊዜ ያጣል።

ብዛቱስ? የተለመደው ግምት በአንድ ብልጭታ በኬሚስቶች መቁጠሪያ 250 ሞል፣ ማለትም 7 ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። በዓለም ላይ በየሰከንዱ ወደ 45 ብልጭታ አለ፤ አብዛኛው በሐሩር ክልል፣ በየብስ ላይ ነው። ሲደመር፣ በጋዙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ተመዝኖ፣ በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ቶን ይሆናል፣ ግምቱ ከ2 እስከ 8 ቢዋዥቅም። ነዳጅና ከሰል በማቃጠል የምንለቀው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መብረቅ ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከሚኒባስ ጭስ ማውጫ የወጣው ጋዝ ቀን ላይ በሰዓታት ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ሆኖ ያልቃል። የመብረቁ ጋዝ ግን ከደመናው ጋር እስከ 10፣ 12 ኪሎሜትር ይወጣና እዚያ ለቀናት ይቆያል። በክረምት ደግሞ በዚያ ከፍታ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። የእኛ ሰማይ ላይ የተሠራው ወደ ሱዳንና ቻድ ይጓዛል።

በመንገዱ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ሌላ ኦክስጅን እየጨመረ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህንን ፀሐይ ትሰነጥቀዋለች፣ የተለቀቀው ኦክስጅን ኦዞን ይሠራል። የመብረቁ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሃይድሮክሲል የሚባለውን የአየር ሳሙናም ያበዛል። ሚቴንና ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያጥብልን እሱ ነው፤ ሚቴን አየር ላይ 9 ዓመት ገደማ ቆይቶ የሚጠፋው በዋናነት በእሱ ነው። ስለዚህ መብረቅ በኦዞኑ ምድርን ያሞቃል፣ ሚቴንን በማጥፋት ደግሞ ያበርዳል። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የናሳ ዲሲ-8 አውሮፕላን በአሜሪካ ነጎድጓዳማ ደመናዎች ውስጥ ሲበር እጅግ ከፍተኛ ሃይድሮክሲል ለካ። ተመራማሪዎቹ መሣሪያው ረብሾ ነው ብለው ቁጥሮቹን አውጥተው አስቀመጧቸው። ቆይተው ከመብረቅ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በ2021 ያወጡት ግምት መብረቅ የዓለምን ሃይድሮክሲል ከ2 እስከ 16 በመቶ ሊሰጥ ይችላል የሚል ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፣ እኛ ከተማ ውስጥ የሚያጋጥመው እሱ ነው። ርካሽ የኦዞን መለኪያ ገዝታችሁ በረንዳ ላይ ብትሰቅሉ፣ ዝናቡ ሲቃረብ ቁጥሩ ዘሎ ታዩት ይሆናል። አትቸኩሉ። የእነዚህ መለኪያዎች ኬሚካላዊ ሴል እርጥበት በድንገት ሲቀየር ይዋዥቃል፤ ብዙዎቹም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ከኦዞን አይለዩም። እውነተኛ ጭማሪም ግን አለ፤ ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ከላይ ኦዞን የበዛበትን አየር ይዞ ይወርዳል። ለመለየት ሙቀትና እርጥበትን ጎን ለጎን በየደቂቃው መዝግቡ። ሌላ ቀን ነጎድጓድ የሌለው ዝናብ ሲመጣ ያው ዝላይ ከታየ፣ የሴሉ ችግር ነው። መለኪያውን ደግሞ ከመንገድ ራቅ ያለ ጣሪያ ላይ፣ ከዝናብ ከልላችሁ ስቀሉት። መንገድ ዳር የመኪናው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞኑን በደቂቃዎች ውስጥ ይበላዋል።

በሳተላይትስ አይታይም ወይ ብትሉ፣ ትሮፖሚ የሚባለው የአየር ጋዞችን ከሕዋ የሚለካ መሣሪያ የሚያልፈው ከቀኑ 7፡30 ገደማ ነው፤ የእኛ ደመና ገና ሲያብጥ። ከሁለቱ የናይትሮጅን ጋዞችም የሚያየው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ብቻ ነው፣ ላይ በቅዝቃዜው የሚበዛው ግን ናይትሪክ ኦክሳይዱ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ኦዞንን በየከፍታው የሚለይ መሣሪያ ተተክሏል፤ እሱም ደመና ሲጋርደው አይሠራም። ክረምት ላይ የሚቀረው ጊዜ ጠዋት ነው፣ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ሰማዩ ከተከፈተ። ያኔ ከላይ የሚለካው አየር ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ከእኛ በስተምሥራቅ የነጎደበት አየር ነው።