ሦስት ማዕዘን ፈልጋ ስድስት ጎን አገኘች

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

የቆያችሁ አድማጮቼ እንደምታውቁት የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችን ቴክኖሎጂ አስተምራለሁ። ጌምና አፕ የማይገባበት ክፍለ ጊዜ የለኝም ማለት ይቻላል። ግን ጌም ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ የምወደው የጥያቄና መልስ ጌም ነበር። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ አራት ባለ ቀለም ምርጫ አለው፤ ቶሎ የነካ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ክፍሉ በጩኸት ይናጣል። ልጆቹ በር ላይ ጠብቀው "ቲቸር፣ ዛሬ እንጫወታለን?" ይሉኛል። እንዲህ ከተደሰቱ እየተማሩ ነው ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቀን ሁሌም አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ጠራሁት። "የጻፍከውን ሴቭ ሳታደርግ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ምን ይሆናል?" አልኩት። ዝም አለ። ይህን ጥያቄ ጌሙ ላይ ስንት ጊዜ በትክክል መልሶታል። "ጌሙ ላይ እኮ መልሰኸው ነበር" ስለው "አዎ፣ ሰማያዊው ነው" አለኝ።

የመልሱን ቀለም ነበር የያዘው። ልጁ ምንም አላጠፋም። ጌሙ ፍጥነት ጠየቀው፣ ፍጥነት ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አፕ ሳገኝ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ሽልማቱን አላይም። ሆን ብዬ እሳሳትና ምን እንደሚያደርግ አያለሁ። ቀይ ምልክት አሳይቶ፣ ጮኾ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ካለፈ ልጁ ያወቀው መሳሳቱን ብቻ ነው። ለምን እንደተሳሳተ የሚያይበት ጊዜ እንኳን አላገኘም። ሌላ ዓይነት አፕ ደግሞ አለ። "ተሳስተሃል" አይልም። ያዘዝከውን ብቻ ያደርጋል፤ ስህተቱ እዚያው ፊትህ ቁጭ ይላል።

ስክራች የሚባለውን የልጆች የፕሮግራም መሥሪያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ 2007 ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራም አለው። ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ይቻላል። ልጁ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ብሎኮች እያገጣጠመ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ያዛታል። ገና ማንበብ ለማይችሉት ስክራች ጁኒየር አለ፤ እዚያ ትእዛዞቹ በሥዕል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከአምስተኛ ክፍሎች ጋር፣ ድመቷ ስትሄድ በምታሰምረው መስመር ቅርጽ እየሳልን ነበር። ካሬው ቀላል ነው፦ 100 እርምጃ ሂጂ፣ 90 ዲግሪ ዙሪ፣ ይህን 4 ጊዜ ድገሚ። ሁሉም ሠሩት። ቀጥሎ "እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሥሩ" አልኳቸው።

ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ አለች። 60 ዲግሪ ብላ 3 ጊዜ አስደገመች። ሐሳቧ ከሒሳብ የመጣ ነው፤ የእኩል ጎን ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነውና። ድመቷ ሄደች፣ ሄደች፣ መስመሩ ግን ሳይገጥም ቀረ። አፉ የተከፈተ ሳህን መሰለ። ልጅቱ ድግግሞሹን 6 አደረገችው። አሁን ገጠመ፤ ግን ባለ ስድስት ጎን ሆነ። "ቲቸር፣ ድመቷ አልሰማችኝም" አለችኝ።

"120 አድርጊው" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቁጥር ነው፤ ብናገረው ሁላችንም ወደ ቀጣዩ ሥራ እናልፋለን። ዋጥኩት። "ያዘዝሻትን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበች። "በይ አሁን አንቺ ድመቷን ሁኚ።"

ተነሥታ በወንበሮቹ መሐል ተራመደች። ጥጉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቷ አሁንም ወደፊት ነው። ወደ ሦስት ማዕዘኑ ሁለተኛ ጎን ለመሄድ ቀስ እያለች ዞረች፤ የካሬውን ያህል ዞረች፤ አልበቃም፤ ጨመረች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። "ይሄ እኮ ከካሬው ይበልጣል!"

ሮጣ ተቀመጠች። 100 ሞከረች፣ 130 ሞከረች፣ በመጨረሻ 120 ላይ ገጠመ። ከጎኗ ያለው ልጅ ቁጥሮቹን ደብተሩ ላይ ሲያባዛ አየሁት፦ 4 ጊዜ 90፣ 6 ጊዜ 60፣ 3 ጊዜ 120። "ሁሉም 360 ነው!" ብሎ ጮኸ። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም።

ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሲይሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሶሎሞንና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 1967 ሎጎ የሚባል የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተው ነበር። በኋላ ኤሊ የሚሏት ወለል ላይ የምትሄድ ሮቦት ተጨመረችበት፤ ከዚያ ኤሊዋ ስክሪን ላይ ወጣች። ፓፐርት ጄኔቫ ውስጥ፣ ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ካጠናው ከዣን ፒያዤ ጋር የሠራ ሰው ነው። ልጆች ራሳቸውን በኤሊዋ ቦታ አድርገው፣ በሰውነታቸው እየተንቀሳቀሱ እንዲያስቡ ይፈልግ ነበር። የእኛ ድመት የዚያች ኤሊ የልጅ ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

የጥያቄ ጌሙንስ ጣልኩት? አልጣልኩትም። ቃላት ለመከለስ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች እሰጠዋለሁ። ለመተየብ ልምምድማ ጌም በጣም ጥሩ ነው፤ እዚያ ፍጥነቱ ራሱ ትምህርቱ ነው። ኮምፒውተር ለማይበቃው መምህር ደግሞ፦ ሁለት ልጅ በአንድ ኮምፒውተር ይቀመጥ። አንዱ ማውሱን ይያዝ፣ ሌላው ይናገር፣ በየአሥር ደቂቃው ይቀያየሩ። ቢበቃኝ እንኳን እንዲህ ነው የማደርገው፤ የሚያወራ ልጅ ሐሳቡ ይሰማልና። እናንተ ግን ማውሱን አትንኩባቸው። እኔ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ነው የምዞረው።

ባለፈው ሳምንት የዚያች ልጅ አባት መጡ። በአክብሮት ነው የጠየቁኝ፦ "ልጄ ቤት ስትመጣ ጌም ሠራን ትለኛለች። ትምህርቱ መቼ ነው?" ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ከማብራራ ብዬ ልጅቱን ጠራኋት።

"አባዬ፣ እዚህ ጋ ቁም" አለችው። "አንተ ድመቷ ነህ። ሦስት እርምጃ ሂድ።"

ሄዱ።

"አሁን ሦስት ማዕዘን እንዲሆን ስንት ትዞራለህ?"

"ስልሳ" አሉ አባት፣ ሳያመነቱ።

"እሺ ዙር" አለችው፣ እጇን ወደኋላ አጣምራ።