ቢ7 ላይ የቆመችው ወታደር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የቼዝ ወታደር ነው።

በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ቼዝ እንጫወታለን። ጋሼ የምላቸው አንድ ባልደረባዬ ለወራት ሲያሸንፉኝ ቆዩ። እልህ ይዞኝ መክፈቻዎችን፣ ማለትም የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ እንደ ዳዊት መድገም ጀመርኩ፤ እሳቸው ግን 5ኛው እርምጃ ላይ ያልሸመደድኩትን ይጫወቱና ግራ ያጋቡኛል። ያኔ ያገኘሁትን ወታደር መልቀም ነው ሥራዬ። አንድ ቀን «ልጄ፣ ፈረሶችህ ገና ከጋጣ ሳይወጡ ትበላለህ» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ አንድ የታወቀ ጨዋታ አውጥቼ ሰሌዳ ዘረጋሁ። የኒው ኦርሊንሱ ፖል ሞርፊ በ21 ዓመቱ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858፣ ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ የተጫወተው ነው። ተጋጣሚዎቹ ሁለት መኳንንት ናቸው፤ እየተመካከሩ ጥቁሩን ይዘዋል። ጨዋታው በ17 እርምጃ ያልቃል። እኔ ግን ቀጣዩን እርምጃ በወረቀት እየሸፈንኩ፣ የራሴን ግምት እየጻፍኩ ስገልጥ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

8ኛው እርምጃ ላይ ተያዝኩ። የሰሌዳው እያንዳንዱ ቤት በፊደልና በቁጥር ይጠራል፤ የነጭ ንግሥት ቢ3 ላይ ሆና ኤፍ7ንም ቢ7ንም ታያለች። ጥቁሮቹ ንግሥታቸውን ኢ7 ላይ አቁመው ኤፍ7ን ጠበቁ፤ ቢ7 ላይ ያለችው ወታደር ጠባቂ የላትም። ሳላመነታ «ብላት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ሳነሳ ሞርፊ ፈረሱን ወደ ሲ3 አውጥቶታል።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ቢበላት የጥቁር ንግሥት ቢ4 ላይ መጥታ ንጉሡን ቼክ ትላለች፣ ማለትም ልትበላው ታስፈራራዋለች፤ ንግሥቶቹም ይለዋወጣሉ። ነጭ አንድ ወታደር ያተርፋል፣ መጥፎ አይደለም። ፈረሱ ሲ3 ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ያ ቼክ የለም፤ ወታደሯ አሁንም ለመበላት ተጋልጣለች፣ ነጭ ደግሞ አንድ ተዋጊ ጨምሯል።

ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። ነጭ 9ኛውን እንደተጫወተ ንግሥቱ፣ ሁለቱ ጳጳሶቹና ፈረሱ ወጥተዋል። ከጥቁር የወጡት ንግሥትና አንድ ፈረስ ብቻ ናቸው፤ ያችም ንግሥት የራሷን ጳጳስ በር ዘግታበታለች። ያ ጳጳስና ከጎኑ ያለው የኤች8 ግንብ እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላሉም። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ሞርፊ 16ኛው ላይ ንግሥቱን መሠዋቱን ነው፤ ለእኔ ግን ነገሩ ያለቀው ገና 8ኛው ላይ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ሰንጠረዥ የሚባለው የቀድሞው የአገራችን ቼዝ መክፈቻው «ወረራ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ጦሩን ያሰልፋል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚስማማው ያ ነበር፤ በቼዝ ግን ወታደር ስለቅም ያሳለፍኩትን ተራ የሚመልስልኝ የለም።

ዛሬም ምሳ ላይ ተሸነፍኩ፣ 31ኛው እርምጃ ላይ። ጋሼ «ዛሬስ አደከምከኝ» ብለው ቡናዬን ከፈሉልኝ። ጨዋታውን ከነስሕተቱ መዝግቤዋለሁ፤ ይህን ቅጂ ስጨርስ ወረቀቴን ይዤ ልቀመጥበት ነው። ደህና እደሩ።