ፕላስቲኩንስ የት ልጣለው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ቃል የገባሁላችሁ የብስባሽ ጉዳይ ነበር... እሱ ይቆየን። አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል፤ እሱን ካላወራሁት ሌላው አይመጣልኝም።

የችግኝ ተከላ ቀን ነው። ሰኔ መጨረሻ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ቲቸሯ ችግኙ የፈላበትን ፕላስቲክ በምላጭ ቀደደችላት፤ ልጅቷ ገፈፈችው፤ ችግኙን ከነአፈሩ አስገባች፤ አፈር መለሰችበት፤ በመዳፏ ጠቅጠቅ አደረገችው። ከዚያ ያን ጥቁር ፕላስቲክ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ቲቸር፣ ፕላስቲኩንስ የት ልጣለው?» አለች።

በቃ፣ ይቺው ናት።

ቲቸሯ ዞር ዞር ብላ አየች። በየጉድጓዱ ዳር ጥቁር ጥቁር ፕላስቲክ ወድቋል። ከወዲያ ሌላ ልጅ እየጠራት ነው። «እዚያው ተይው» አለቻት። በክፋት አይደለም፤ አርባ ልጅ ይዛ፣ በእጇ ምላጭ ያለባት መምህርት ናት።

ልጅቷ እኮ ተከላውን አሳምራ ነው የሠራችው፤ ብዙ ትልልቅ ሰው የሚስተውን። ችግኙ ዋዜማውን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ደረቅ ከሆነ ፕላስቲኩ ሲወልቅ አፈሩ ይፈረከሳል፣ ቀጫጭኑ ሥር አብሮ ይበጠሳል። ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ከሆነ ደግሞ የታችኛው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ መውጣት አለበት። ካልተቆረጠ እዚያው እየዞረ ያድግና ዛፉ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ይገነደሳል። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ነው የሚቆፈረው፤ ጥልቀቱም ስፋቱም 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይከመራል፤ ሲመለስ የላዩ ቀድሞ ሥሩ ዘንድ ይገባል። ግንዱ በፕላስቲኩ ውስጥ እስከነበረበት ድረስ ብቻ ይቀበራል፤ ከዚያ ካለፈ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ምላጩን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለትንንሾቹ አትስጡ።

እና ከነፕላስቲኩ የሚተከለው... ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ጥድፊያ ሲበዛ ይፈጠራል። ከላይ ሲያዩት የተተከለ ነው፣ ክረምቱን ለምልሞ ይከርማል፤ ጥር ላይ ድርቅ ይላል። ልጆቹም «ውኃ ስላጣ ነው» ይላሉ። ሥሩ ግን መውጫ አጥቶ ነው።

ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ ሳስበው ሳስበው ሌላ መልክ አመጣብኝ። ለየረድፉ አንድ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይቀመጥ እንበል። የወለቀው ፕላስቲክ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ማታ ልጆቹ ይቆጥሩታል። 40 ችግኝ ተተክሎ 37 ፕላስቲክ ብቻ ከተገኘ፣ ወይ ሦስቱ መሬት ላይ ወድቀዋል፣ ወይ ሦስት ችግኝ ከነፕላስቲኩ ተቀብሯል። አፈሩ ገና ለስላሳ ሳለ በዚያው ቀን ተፈልጎ ይወጣል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ የምትችለው መቀነስ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ማለት ለእኔ ይህ ነው...

ግን ጆንያው ከሞላ በኋላስ? ጥያቄው እኮ «የት ልጣለው» ነው።

ቆራሌው ሃይላንድ ይወስዳል፤ አፈር የለበሰ ስስ ፕላስቲክ ግን ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ማቃጠል አይሆንም፤ ግቢ ውስጥ ሲቃጠል ጭሱን የሚስቡት ልጆቹ ናቸው። ሳይቀደድ ማውጣት ግን ይቻላል። ታቹ ድፍን የሆነውን፣ ሥሩ በውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ካልወጣ፣ ግንዱን በጣቶች መሐል ይዞ፣ ዘቅዝቆ፣ ጎኑን ጫን ጫን፣ ታቹን መታ መታ ሲያደርጉት ሙሉውን ይወልቃል። ታጥቦ ጥላ ላይ ደርቆ ለቀጣዩ ዘር ያገለግላል። ሥሩ አልፎ ከወጣ ግን ምላጭ ግድ ነው። የሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ የሚያፈላም አለ፤ ለጎመን ሸጋ ነው፣ እንደ ጽድና ወይራ መደብ ላይ ወራት ለሚቆይ ችግኝ ግን ቀድሞ ይበሰብሳል። ማፍያ ጣቢያው ችግኝ ሲያመጣ የዓምናውን ፕላስቲክ ተቀብሎ ቢሄድስ? እንጃ። ለጭነት የሚከፍለው ማን ነው...

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረት አግዷል። በ2017 ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ልጆቹም ያውቁታል፤ በሰልፍ ላይ ተነግሯቸዋል። ታዲያ ልጅቷ ጥቁሩን ፕላስቲክ ስታየው ፌስታል ነው ያየችው። እኛ ያየነው ችግኝ ነው።

ይገርማችኋል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ይቺ ልጅ ወይ አልተወለደችም፣ ወይ ጡት ላይ ነበረች። ችግኝ የማይተከልበት ክረምት አታውቅም ማለት ነው። እኛ ያደግነው እንደዚያ አልነበረም። ይህ ደስ ይለኛል፣ በእውነት ደስ ይለኛል።

ግን ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ችግኙን አረም ይውጠዋል፤ አጥር ከሌለ ፍየል ይገባል። መስከረም ላይ ልጆቹ ሲመለሱ መጀመሪያ ማድረግ ያለባቸው በየችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ማረም፣ ከዚያ ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ነው፤ ግንዱን ሳይነካ፣ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ አለበለዚያ ምስጥ ይጠራል። ከኅዳር ጀምሮ ውኃ። ቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መጣች። አንድ ችግኝ በሳምንት ሁለቴ ሦስት ሦስት ሊትር ቢጠጣ፣ 20 ችግኝ በሳምንት 120 ሊትር፣ ስድስት ጀሪካን ነው። የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ብዙውን ይሸፍነዋል፤ በረኪና የገባበት ካልሆነ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ከፈሰሰ፣ ሁልጊዜም አንዱ ችግኝ ብቻ ካልጠጣው። 300 ችግኝ ሲሆን ግን 90 ጀሪካን ነው። በየሳምንቱ! ማን ተሸክሞ? ከ300 ይልቅ 20 ተክሎ 18 ማጽደቅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ባነሩ ላይ ግን 20 ተብሎ አይጻፍም...

ዋንጋሪ ማታይ ኬንያ ውስጥ በ1977 በፈረንጆቹ የጀመሩት የዛፍ ተከላ ንቅናቄ ለሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ የሚከፍላቸው ለጸደቀው ችግኝ ነበር። ለተተከለው አይደለም፣ ለጸደቀው። ትምህርት ቤት ገንዘብ አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። የችግኙ ቁጥር፣ ቁመቱ፣ አለ ወይስ የለም፣ ከሌለ ምን በላው። መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ ሚያዝያ። አምስተኛ ክፍሎች ፐርሰንቱን ያወጣሉ። «ደረቀ» ብቻ ብለው እንዳይጽፉ፤ ተረገጠ፣ ፍየል በላው፣ ምስጥ፣ ፕላስቲክ...

ፕላስቲክ። ይኸው ተመለስኩ።

«እዚያው ተይው» ስትባል ልጅቷ አልተወችውም። ቲቸሯ ወዲያ እስክትዞር ጠበቀች፤ ከዚያ አፈሩን አራግፋ፣ አራት ቦታ አጣጥፋ፣ ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከነጭቃው። ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ስትሄድም እጇን ኪሷ ላይ አድርጋ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ምን እንዳደረገችው እንጃ። እናቷ ልብሱን ስታጥብ አግኝታው ይሆናል፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ... እሷስ የት ትጥለዋለች?